ነጩ ቦታ፦ በአሮጌ ካርታ ወደ ዱክታውን የተደረገ ጉዞ

ዓርብ

ጉዞው የተነሣው ከአንድ የካርታ ሉህ ነው። ሉሁ በቴነሲ ግዛት ደቡብ ምሥራቅ ጥግ፣ ከጆርጂያና ከሰሜን ካሮላይና ጋር በሚዋሰነው በፖልክ አውራጃ ውስጥ ያለችውን ዱክታውን የተባለች ትንሽ ከተማና ገጠሯን ያሳያል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የአሜሪካ የሥነ ምድር ጥናት መሥሪያ ቤትና የቴነሲ ሸለቆ ባለሥልጣን በጋራ ካዘጋጁት ተከታታይ መልክዓ ምድራዊ ካርታ አንዱ ሲሆን፣ መስፈርቱ 1፡24,000 በመሆኑ በወረቀቱ ላይ ያለ አንድ ኢንች በመሬት ላይ 2,000 ጫማ ነው። (በዚህ ማስታወሻ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።) መሥሪያ ቤቱ ከ1884 ጀምሮ ያተማቸውን አሮጌ ካርታዎች አንሥቶ በነፃ ስለሚያቀርብ፣ ሉሁን ለማግኘት ቤቴ ቁጭ ብዬ ማውረድና ማተሚያ ቤት ወስዶ ማሳተም ብቻ በቂ ነበር።

ዓይኔን የያዘው የቀለሙ አቀማመጥ ነው። በእነዚህ ካርታዎች ላይ ቡኒው የመሬቱን ከፍታ፣ ሰማያዊው ውሃን፣ ጥቁሩ የሰው እጅ የሠራውን፣ አረንጓዴው ደግሞ ደንን ያመለክታል፤ ነጭ ሆኖ የተተወው ቦታ ደን የሌለበት ነው። በደቡብ አፓላቺያን ተራሮች ሉሆች ላይ ነጩ ብዙውን ጊዜ ጠባብና ሥርዓት ያለው ነው፤ ወንዝ ዳር ወንዝ ዳሩን ይዞ ይሄዳል፣ እርሻውና ግጦሹ ያለው እዚያው ነውና። በዚህኛው ሉህ ላይ ግን ነጩ ከሸለቆው ወጥቶ ኮረብታውን ይወጣል፣ ሸንተረሩን ተሻግሮ በማዶው ይወርዳል። በውስጡ የሚያልፉት የኮንቱር መስመሮችም (እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያያይዙት ቡኒ መስመሮች) በአረንጓዴው ውስጥ እንዳሉት ረጋ ብለው የሚጠማዘዙ ሳይሆኑ እንደ መጋዝ ጥርስ የተቆራረጡ ናቸው።

ካርታውን ያሳየኋቸው በአትላንታ አቅራቢያ በምትገኘው ክላርክስተን ውስጥ ጎረቤቴ ለሆኑ አዛውንት ነበር። ጋሼ ወሎ ውስጥ ለብዙ ዓመታት በአፈርና ውሃ ጥበቃ ሥራ ላይ የነበሩ ሰው ናቸው። መነጽራቸውን አድርገው ሉሁን ጥቂት ካዩ በኋላ፣ “ልጄ፣ ይኼ የእርሻ መሬት አይደለም። ቦረቦር ነው፤ አፈሩ ሄዷል” አሉኝ። ኢትዮጵያ ውስጥ ካርታ ማንበብን ለለመደ ሰው የዚህ ሉህ አነጋገር እንግዳ አይሆንም፤ በ1960ዎቹ የኢትዮጵያና የአሜሪካ የጋራ የካርታ ሥራ ቡድን አገራችንን ሲያነሣ ይዞት የመጣው ልማድ ይኸው ነበርና። በማግሥቱ ሳይሆን በሳምንቱ፣ ጋሼ አብረው ሊሄዱ ፈቅደው፣ በጥቅምት አየር ከአትላንታ ወደ ሰሜን ወጣን።

መንገዱ ሁለት ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ብሉ ሪጅ ከተማ ላይ ለምሳ ቆመን ነበር፤ ቀኑ ዓርብ በመሆኑ ጋሼ የጾም ምግብ ፈለጉ፣ አስተናጋጇም በኩራት ያቀረበችው የባቄላ ወጥ የአሳማ ሥጋ የገባበት ሆኖ ስለተገኘ በበቆሎ ዳቦና በጎመን ልናልፍ ስንል ጎመኑም በዚያው ሥጋ የተቀቀለ መሆኑ ተነገረን። የደቡብ ሰው አትክልትን ብቻውን ማብሰል አይሆንለትም። ድንች ጠብሰውልን ጉዟችንን ቀጠልን።

ከሰዓት በኋላ የደረስንባቸው ሁለቱ ከተሞች፣ በጆርጂያ በኩል ማኬይስቪል በቴነሲ በኩል ኮፐርሂል፣ ለዓይን አንድ ከተማ ናቸው። የግዛቶቹን ድንበር የሚያሳይ ሰማያዊ መስመር በአስፋልቱና በገበያው የመኪና ማቆሚያ ላይ ተቀብቷል፤ ሰው በአንዱ ግዛት መኪናውን አቁሞ በሌላው ግዛት ይሸምታል። በመካከላቸው የሚያልፈው ወንዝ እንኳ ከጆርጂያ ቶኮአ ተብሎ መጥቶ ቴነሲ ሲገባ ኦኮኢ ይባላል።

ኮፐርሂል የቴነሲ ከተማ ሆና ሳለች በያዝነው የዱክታውን ሉህ ላይ የለችም። ምክንያቱ አሮጌ ነው። ድንበሩ በሕግ 35ኛው የሰሜን ኬክሮስ እንዲሆን ተወስኖ ነበር፤ በ1818 መስመሩን በመሬት ላይ ያወጣው ቀያሽ ጄምስ ካማክ ግን በነበረው መሣሪያ ወደ አንድ ማይል በሚጠጋ ርቀት ወደ ደቡብ አሳለፈው። የካርታ ሉሆቹ የሚቆረጡት ደግሞ በሰማይ ልክ፣ በራሱ በኬክሮሱ ላይ ነው። ስለዚህ የዱክታውን ሉህ 35ኛው ኬክሮስ ላይ ሲያበቃ፣ ከዚያ በታች የቀረችው የቴነሲ ቀጭን ቁራጭ ከነኮፐርሂል ከጆርጂያ ጋር በሚቀጥሉት ሉሆች ላይ ታትማለች። ዱክታውን ራሷም በሉሁ ምሥራቃዊ ጠርዝ ላይ ተጠግታ የተቀመጠች ስለሆነች፣ የመዳቡን ተፋሰስ፣ ማለት መዳብ ይወጣበት የነበረውን የዚህን ነጭ ቦታ ሸለቆ፣ በሙሉ ማየት የሚፈልግ ሰው ዱክታውንን፣ ኢሳቤላን፣ ኤፕወርዝንና ሚኔራል ብላፍን አራቱን አጋጥሞ መዘርጋት አለበት። ማታ በማረፊያ ቤታችን ወለል ላይ አራቱን ስንገጥም ነጩ ቦታ ሙሉ መልኩን አወጣ፤ ጋሼ እያንዳንዱን የሚያውቁት መሬት ይመስል በጣታቸው እየተከተሉ ውሃው ከየት ወደ የት እንደሚሄድ ሲናገሩ አመሸን።

ቅዳሜ

ጠዋት በአውራ ጎዳና 68 ወደ ዱክታውን ወጣን። በመስኮቱ የሚታየውና በጭኔ ላይ ያለው ካርታ አይገናኙም፤ ካርታው ነጭ በሚልበት ሁሉ ጥድ ቆሟል። ጥዶቹ በዕድሜ ተቀራራቢ ናቸው፣ ሥራቸው የሚያድገው ቁጥቋጦ አነስተኛ ነው፣ በመካከላቸውም አልፎ አልፎ አፈሩ ጥሬ ጡብ የመሰለ ቀለሙን ያሳያል። ከተማዋ ጥቂት ጎዳናዎች፣ ጥቂት አብያተ ክርስቲያናትና ከኮረብታ ላይ ሆና ሁሉን የምታይ የቀድሞ ማዕድን ማውጫ ናት። ቡራ ቡራ ይባላል፤ ስሙ ከአውስትራሊያ የመዳብ ማዕድን የተወሰደ ነው። ከ1899 እስከ 1958 ሠርቷል፣ ዛሬ በግቢው ውስጥ የተፋሰሱን ታሪክ የሚያሳይ ሙዚየም አለ።

ከሙዚየሙ ጀርባ አጥር ይዞ ቁልቁል ሲመለከቱ ገደላማ ግድግዳ ያለው ትልቅ ጉድጓድ ይታያል፤ ታችኛው ክፍሉ አረንጓዴ ቀመስ ውሃ ሞልቶታል። ይህ በቁፋሮ የተከፈተ ጉድጓድ አይደለም። ማዕድኑ ከሥር ሲወጣ የቀረው ባዶ ክፍል ጣራው ተደርምሶ የወረደ ነው። በካርታ ላይ እንዲህ ያለው ቦታ የራሱ አጻጻፍ አለው፦ መውጫ የሌለው ዝቅታ መሆኑን ለማሳየት ኮንቱሩ ዙሪያውን ይዘጋና ወደ ውስጥ የሚያመለክቱ አጫጭር ጭረቶች ይደረጉበታል። በተፈጥሮ መሬት ላይ፣ በተለይ ጅረት ሁሉ መንገዱን በቆረጠበት በዚህ ተራራማ አገር፣ ጭረታም ኮንቱር ብርቅ ነው፤ በመዳቡ ተፋሰስ ውስጥ ሲገኝ የማን ሥራ እንደሆነ መጠየቅ አያስፈልግም።

የተፋሰሱ ታሪክ የሚጀምረው የአገሩ ነባር ሕዝብ የሆኑት ቼሮኪዎች በ1838 ከምድራቸው በኃይል ከተነቀሉ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። በ1843 ወርቅ ፈላጊዎች በወርቅ ፈንታ መዳብ አገኙ፤ በ1850ዎቹ መጀመሪያ ማውጫዎቹ ተከፈቱ፣ በ1853 ደግሞ መዳቡን በሠረገላ ወደ ክሊቭላንድ ከተማ የሚያወርድ መንገድ በኦኮኢ ገደል ውስጥ ተጠርጎ አለቀ። የዚህ ቦታ የመዳብ ድንጋይ ድኝ የበዛበት ነው። ድኙን ለማስወጣት በዚያ ዘመን የታወቀው ዘዴ እንጨት ደርድሮ ድንጋዩን በላዩ መከመርና እሳት ለኩሶ ለወራት ሳያቋርጥ እንዲጨስ መተው ነበር። ለክምሩም ለማቅለጫውም የሚሆነው ማገዶ የተቆረጠው ከዙሪያው ጋራ ነው፤ የተቆረጠው ጉቶ መልሶ እንዳያቆጠቁጥ ደግሞ ከክምሩ የሚወጣው የድኝ ጢስ ከዝናብ ጋር ተዋሕዶ አሲድ እየሆነ ወረደበት። በሁለት በኩል የተያዘ መሬት ነበር ማለት ነው። አንዱ ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ በዓመት ከ1,200 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ በሚያገኝ አገር ደኑ በ20 ዓመት ውስጥ ተመልሶ በበቀለ ነበር።

በ1870ዎቹ መጨረሻ ማገዶውም ትርፉም አልቆ ሥራው ቆመ፤ በ1890 ገደማ የባቡር ሐዲድ ሲደርስ እንደገና ተነሣ፣ ጢሱም ከቀድሞው በረታ። ጢስ ድንበር አያከብርምና በጆርጂያ በኩል ያሉ ገበሬዎች አዝመራቸውና ደናቸው ሲደርቅባቸው ግዛታቸው ጉዳዩን ወደ አገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ወሰደችው። ፍርድ ቤቱ በ1907 በዳኛ ሆልምስ ብዕር ለጆርጂያ ፈረደ፤ ተራሮቿ ከደናቸው ይራቆቱ እንደሆነ፣ ነዋሪዎቿም ንጹሕ አየር ይተነፍሱ እንደሆነ የመጨረሻው ቃል የግዛቲቱ ነው የሚል ፍርድ ነበር። በአሜሪካ የአየር ብክለት ክርክሮች ውስጥ እስካሁን የሚጠቀሰው ይህ ፍርድ የተነሣው ትናንት በመኪና ማቆሚያው ላይ ከረገጥነው ሰማያዊ መስመር መሆኑ ያስገርማል። ኩባንያዎቹም ጢሱን ወደ አየር በመልቀቅ ፈንታ በዝግ ክፍል ይዘው ሰልፈሪክ አሲድ ማድረግ ያዙ፤ ብዙም ሳይቆይ አሲዱ ከመዳቡ የበለጠ ገንዘብ አመጣላቸው። እኔ በበኩሌ ይህን የታሪኩን ክፍል ሳነብ ንዴት ይቀናኛል፣ የሚያዋጣው መንገድ ያን ሁሉ ዘመን እጃቸው ላይ ነበርና።

ጢሱ ቢቀንስም መሬቱ አልተመለሰም። ካርታው በሚነሣበት ዘመን 7,000 ኤከር ገደማ አንዳች የማይበቅልበት ራቁት መሬት ነበር፤ ከዚያ ውጭ ያለው 17,000 ኤከር ገደማ ሣር ብቻ የሚያበቅል ቀበቶ ነበር። የደን ተመራማሪዎች በዚያን ጊዜ በራቁቱ ቦታ፣ በሣሩና በደኑ ውስጥ መለኪያ ተክለው ራቁቱ መሬት ከጎኑ ካለው ደን ይልቅ እንደሚሞቅ፣ ነፋሱ እንደሚበረታ፣ የሚያገኘውም ዝናብ እንደሚያንስ መዝግበዋል። ካርታው ግን ራቁቱንም፣ ሣሩንም፣ የገበሬውን የበቆሎ ማሳም አንድ ነጭ ቀለም አልብሷቸዋል። ደን ነው ወይስ አይደለም ከሚለው ጥያቄ ያለፈ እንዲጠይቅ አልታዘዘም። ቁስሉን የሚናገሩት ቡኒዎቹ መስመሮች ብቻ ናቸው፤ እነሱም የሚናገሩት ለሚያነብባቸው ነው።

ሙዚየሙን ከሚያስጎበኙት አንዱ የዚያው አገር ተወላጅ የሆኑ ሽማግሌ ነበሩ። በልጅነታቸው በቤታቸው ደጅ የሚታጨድ ሣር እንዳልነበረ፣ እባብም ብርቅ እንደነበረ ሲያወሩ በድምፃቸው ውስጥ ኩራት ነበረ። ቀዮቹን ኮረብቶች ውብ ነበሩ አሏቸው። ጋሼ በአክብሮት አዳመጡና ወደ እኔ ዘወር ብለው በአማርኛ፣ “የተወለዱበት ነው፤ ምን ያድርጉ” አሉ። ከዚያ ወደ እንግሊዝኛቸው ተመልሰው ስለ ክትር ጠየቋቸው፦ በቦረቦሮቹ ውስጥ ማን ሠራ፣ በድንጋይ ነው ወይስ በእንጨት፣ ስንት ዓመት ያዘ? ሰውየው እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚጠይቅ ጎብኚ አይተው የሚያውቁ አይመስልም፤ ወንበር ስበው ተቀመጡ። በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ መጀመሪያ መንግሥት ያደራጃቸው ወጣቶች ችግኝ ሲተክሉና ቦረቦር ሲገድቡ እንደነበር፣ ኩባንያዎቹም የቴነሲ ሸለቆ ባለሥልጣንም ለአሠርት ዓመታት ሲተክሉ እንደቆዩ፣ ከተተከለው ውስጥ ብዙው እንደሞተ፣ ኩድዙ የተባለው ሐረግ ሳይቀር እንደተሞከረ ነገሩን። ማዕድን ማውጣቱ ጨርሶ የቆመው በ1987 ነው።

ከሰዓት በኋላ ከመንገዱ ዳር፣ መግባት ባልተከለከለበት ስፍራ ወደ ጥዱ ገባን። ካርታው ላይ ጥርሳቸው ከበዛ ኮንቱሮች መካከል አንዱን መርጠን፣ ኮምፓስ ይዘን፣ ከመንገዱ መታጠፊያ አቅጣጫ ወስደን ነበር። ሃምሳ እርምጃ ሳንሄድ መሬቱ ከእግራችን ሥር ተከፈተ፦ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ጥልቀት ያለው ቦረቦር ነው፣ ግድግዳው በጥድ ቅጠል ተሸፍኖ፣ ወለሉ ላይ የክንድ ውፍረት ያላቸው ዛፎች በቅለውበት። ከእሱ ቀጥሎ ሌላ፣ ከዚያም ሌላ። የኮንቱሩ ጥርሶች እያንዳንዳቸው አሉ። ደኑ ከላይ ተመለሰ እንጂ መሬቱ የተቆረጠውን እንደተቆረጠ ነው። ጋሼ በበትራቸው የአንዱን ግድግዳ ቧጨሩት፤ ከሁለት ጣት በማይበልጥ ጥቁር አፈር ሥር ቀዩ ሸክላ ወጣ። “ይኼ ሁለት ጣት የስንት ዓመት ነው?” ሲሉ ጠየቁኝ፤ የጥዶቹን ዕድሜ ገምቼ አርባ ወይም ሃምሳ አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ዝቅ ብለን ስንሄድ በአንዱ ቦረቦር አፍ ላይ በአፈር የተሞላ የድንጋይ ክትር አገኘን፤ አሠራሩን ዞር ዞር ብለው መረመሩና መሠረቱ ወደ ግድግዳው በደንብ አለመግባቱን፣ ውሃውም በጎኑ ዞሮ እንደሄደ አሳዩኝ። እዚያ ቦታ ላይ አንድ ሰዓት ቆየን።

እሑድ

ጠዋት በአውራ ጎዳና 64 የኦኮኢን ገደል ይዘን ወደ ምዕራብ ወረድን። ከመዳቡ ተፋሰስ የታጠበው አፈር የሄደው በዚሁ ነው። በ1942 የተሠራው የኦኮኢ ቁጥር 3 ግድብ ሐይቅ በዚያ ደለል አብዛኛው ተሞልቷል፤ ትናንት በእግራችን የገባንባቸው ቦረቦሮች ውስጥ የጎደለው መሬት እዚህ ተኝቷል ማለት ይቻላል። ከግድቡ በታች ወንዙ በወትሮው ቀን ውሃ የለውም፣ ውሃው በተራራው ውስጥ በተቆፈረ ዋሻ ወደ ኃይል ማመንጫው ይሄዳልና። በ1996 የአትላንታ ኦሊምፒክ የታንኳ ቀዘፋ ውድድር የተካሄደው በዚህ ደረቅ ወንዝ ወለል ላይ ውሃ ተለቅቆበት ነው። እኛ ኢትዮጵያውያን ያንን ሰሞን የምናስታውሰው በፋጡማ ሮባ ማራቶንና በኃይሌ ገብረ ሥላሴ 10,000 ሜትር ነው፤ ከስታዲየሙ ሁለት ሰዓት በላይ ርቆ በዚህ ገደል ውስጥ ሌላ ውድድር እንደነበር ጋሼም እኔም ልብ አላልንም ነበር። በውድድሩ ስፍራ የነበረው የጎብኚዎች ማዕከል ሕንፃ በ2022 ተቃጥሎ የቀረው ድልድዩና የውድድሩ የድንጋይ ወለል ነው።

ወደ ታች ወረድ ሲሉ ደግሞ የቁጥር 2 ግድብ አለ፤ በ1913 የተሠራ ነው። ከእሱ የሚነሣው የእንጨት ቦይ ወደ 5 ማይል በሚጠጋ ርዝመት በገደሉ ወገብ ላይ ተለጥፎ ውሃውን ወደ ማመንጫው ይወስዳል። በካርታ ላይ ከወንዙ በላይ ኮንቱሩን ተከትሎ ሳይወጣ ሳይወርድ የሚሄድ ቀጭን መስመር ሆኖ ይታያል፤ ሌሎቹ መስመሮች ሁሉ ሲንገዋለሉ እሱ ብቻ ልኩን ይዟል። በ1976 ቦዩ አርጅቶ ሲዘጋ ውሃው ወደ ወንዙ ተመለሰ፣ ሰዎችም በላስቲክ ጀልባ መውረድ ጀመሩ፤ ቦዩ ታድሶ ሲከፈት ጀልበኞቹ አንለቅም ብለው ዛሬ ውሃው በቀን ተከፍሎላቸዋል። እሑድ በመሆኑ ጀልባዎቹ በርካታ ነበሩ። ጋሼ ጩኸታቸውን ጥቂት ካዳመጡ በኋላ ወደ መኪናው ተመለሱ።

ሰኞ

ከመመለሳችን በፊት ወደ ኢሳቤላ ጎራ አልን። በቀድሞው ዘመን ማቅለጫና የአሲድ ፋብሪካ የነበረባት የሠራተኞች መንደር ናት፤ ዛሬ ከቤተ ክርስቲያኗና ከጥቂት ቤቶች በቀር የሚታየው አጥርና ጥድ ነው። ከማውጫዎቹ የሚወጣው አሲዳማ ውሃ አሁን በኖራ እየታከመ ወደ ኦኮኢ ይለቀቃል፤ የዝገት ቀለም የያዙ የጅረት ድንጋዮች ግን ከድልድዩ ላይ ይታያሉ።

ብሉ ሪጅ ላይ ቡና ስንጠጣ ከአሮጌው ሉህ ጎን የዚያኑ ቦታ የዛሬ ካርታ በስልኬ ከፈትኩ። ከ2009 ወዲህ መሥሪያ ቤቱ የሚያወጣው አዲሱ ካርታ የሚሠራው ከመረጃ ቋት በኮምፒውተር ነው፤ ሜዳ ወርዶ የሚያረጋግጥ ሰው የለም። አረንጓዴው ሸለቆውን ሸፍኗል፤ ኮንቱሮቹም ተለስልሰዋል። በቅዳሜው ቦረቦር ላይ ሦስት ጥርስ በነበረበት ቦታ አዲሱ አንድ ለስላሳ ጥምዝ ብቻ አለው። የአሮጌው ሉህ መስመሮች ግን ጥንድ የአየር ፎቶግራፎችን ገጥሞ ከፍታውን በዓይኑ የተከተለ ሰው የሳላቸው ናቸው፤ በዚያን ጊዜ መሬቱን የሚጋርድ ቅጠል ስላልነበረ እያንዳንዱን ፍርፋሪ ማየት ይችል ነበር። ጋሼ ሁለቱን እያስተያዩ፣ ወሎ ውስጥ ዛሬ በተከለለ ተራራ ላይ የሚሠሩ ልጆች የቀድሞውን 1፡50,000 ሉህ ይዘው እንደሚወጡ ወይም በስልክ ብቻ እንደሚሠሩ ጠየቁኝ። ለቀድሞ ባልደረቦቻቸው ደውለው እንደሚጠይቁ ተናግረው፣ የክትሩን ፎቶግራፍ እንድልክላቸው አዘዙኝ፤ ውሃው በጎኑ የዞረበትን በኩል የሚያሳየውን።